መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ

ጥቅምት 3

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እዚያ አገር ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል ካልሽኝ ወዲህ፣ ብርድ በነካኝ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ያለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይሙቅሽ። እኛ ደህና ነን። እኔ በር እየሰቀልኩ፣ ቁም ሣጥን እየጠገንኩ፣ ያው የአናጺ ኑሮ፣ አንድ ቀን ሲሞላ አንድ ቀን ሲጎድል እገፋዋለሁ።

እትዬ፣ የላክሽልን ምድጃ ታመመ። «ብልሽት በአፍ አይነገርም፤ ሰው ሲያወራ ግማሹን ይውጠዋል» እያልሽ ስላሳደግሽኝ፣ ስልኩን ትቼ ይኸው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ከትናንት ወዲያ ረፋድ ላይ መስታወቱ «ኤፍ 1» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጢጥ ጢጥ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ከአራቱ እሳት አንዱም አይሠራም፤ መጋገሪያውም እንደዚያው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሙሽሪት ድስት አምልጧት ቁልፎቹ ላይ ወደቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሙሽሪት እያልሻት፣ ባለቤቴ እጇ እንደ ሙሽራ ሰነፈ መሰለኝ።

እሷም ትንሽ አሟታል። ጥርሷ ሳይሆን አይቀርም፣ ግማሽ ፊቷ አብጧል። ለልብስ ስፌት ፋብሪካው ሴቶች የምታበስለው ምሳ ሁለት ቀን ተቋርጦ ሃያ ስድስት ሴት ጦሙን ዋለ፤ አሁን በከሰል እየታገለች ነው። እኔን እንደሆነ ሰፈርተኛው «የምሳዋ ባል» ማለት ጀምሯል። ሳቂ እንግዲህ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ማሙሽ


ጥቅምት 20

የኔ ማሙሽ፣

ደብዳቤህ ሳቄንም ናፍቆቴንም ቀሰቀሰው። ጤና ይስጥህ፤ ጣቶችህን ከመጋዝ ይጠብቅልህ። ወገቤ አለ፤ እኔን ጥሎ የት ይሄዳል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ መቋረጡን በቴስተር አረጋግጥ። ከዚያ ተመልሰህ ሂድና ብሬከሩን በእርግጥ አውርደኸው እንደሆነ እይ። ትስቅ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ጥገና ክፍል «ጢሞ» የምንለው ባልደረባዬ የሆቴል ምድጃ ሊሠራ «አንድ ብሎን ብቻ ነው» ብሎ ሳያጠፋ ከፈተው። ኤሌክትሪኩ ይዞት ቀረ። በመጥረጊያ እንጨት እጁን ደብድቤ ነው ያላቀቅኩት። የሁለት ጣቱ ቆዳ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ኤሌክትሪክ ዘመድ አይለይም።

ኤፍ 1 ማለት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሳይለቀቅ ቆይቷል ማለት ነው። ከቁልፍ ሰሌዳው ኋላ አራት ብሎን አለ፤ በካቻቪቴ ፍታቸው። እርጥበት ካየህ በደረቅ ጨርቅ አድርቅ። ጠፍጣፋውን ገመድ ነቅለህ መልሰህ ሰካው። ካልሆነ ጻፍልኝ። ሁልጊዜ የምልህንም አትርሳ፤ መጀመሪያ ምድጃውን ጠይቅ፣ ቀጥሎ ባለቤቱን። ምድጃ መዋሸት አይችልም።

ሙሽሪት ለምን ከግርጌው አልጻፈችልኝም? ሁልጊዜ ካንተ ወረቀት ሁለት መስመር ትሰርቅልኝ ነበር። ጥርሷን ሐኪም ያየው። ሳምልኝ።

እህትህ


ኅዳር 12

ለእትዬ፣ ለቤታችን ምሰሶ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ጉልበትሽ አይድከም። ያልሽውን አንድም ሳላጎድል አደረግኩ። ብሬከሩን አወረድኩ፣ በቴስተር አየሁ፣ ተመልሼ ሄጄም አየሁ። ምድጃው ተነሳ። ሰፈሩ ጉድ አለ፤ አናጺው መብራት ሠራተኛ ሆነ ተባለልኝ።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። ከአራት ቀን በፊት ደግሞ ኤፍ 4 የሚል መጣ። የፊት ቀኙ እሳት አይሠራም፤ መስታወቱ በክቡ ልክ ጠቁሯል። ይህኛው እንኳ የማንም ሳይሆን የእሷ ጥፋት ነው። ድስቱን ትታ እጇን የምትጥድ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? መዳፏ ተልጦ ሐኪም ቤት ጠቀለሉላት። ግራ እጇ መሆኑ በጀ፤ በቀኟ ታማስላለች።

ስልኳ ስለተሰበረ ነው ድምፅዋን ያልሰማሽው። ለእሷ ለብቻዋ የምትጽፊው ካለም ለኔ ላኪው፤ ባልና ሚስት አንድ ነን። አንድ አዲስ የቁልፍ ሰሌዳና የዚያን እሳት መለወጫ ብትልኪልን ምሳው አይቋረጥም ነበር። ምሳውን ካነሳሁ አይቀር፣ በቀደም ከፋብሪካው አንድ ኃላፊ መጣና በራሴ በር ላይ ቆሞ «ባለሙያዋ የለችም?» አለኝ። እኔን እንደ ዘበኛ! ውጬው ገባሁ። ታውቂኝ የለ፣ እኔ ታጋሽ ነኝ።

ማሙሽ


ታኅሣሥ 1

ማሙሽ፣

ሰላም ላንተ፤ ለሙሽሪት ደግሞ ለብቻዋ። መዳፏ እንዴት ሆነ?

ስለ ኤፍ 4 ዛሬ ምንም አልልም። መጀመሪያ ምድጃውን ልጠይቀው። ያ ምድጃ የደረሰበትን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። «ሰዓት» እና «አጥፋ» የሚሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ለአምስት ሴኮንድ ተጫናቸው። ያኔ ብልሽቶቹን በየተራ ያሳይሃል፤ ከስንት ቀን በፊት እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ሁሉንም ገልብጠህ ላክልኝ። እንዳስተማርኩህ፣ አንድም ሳትዘልል፣ አንድም ሳታሳምር። የማይረባ የመሰለህንም ጻፈው። ዝርዝሩ ሳይደርሰኝ አንድ ብሎን እንኳ አልልክም።

ለዚህ ብሬከር ማውረድ አያስፈልግም። ሌላ ነገር ግን አትንካ።

እህትህ


ጥር 6

ውድ እትዬ፣

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ። በዚህ ሰሞን መከራ በላያችን ላይ ነው። ሙሽሪት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። እርጥብ ወለል ላይ አንሸራትቷት ነው፤ ጀሶ አድርገውላት ተኝታለች። ምሳው ቆሟል። እኔ ራሴ ሻይ አፍልቼ የምጠጣ ሰው ሆንኩ።

ዝርዝሩን እንዳልሽው አወጣሁት። ምድጃው በቀን ብዛት ስለሚናገር ቀኑን እኔ እያሰላሁ ጻፍኩልሽ። ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት ብታዪ በተማሪሽ ትኮሪ ነበር።

ጥቅምት 1፣ ኤፍ 1፣ አራት ደቂቃ።
ኅዳር 8፣ ኤፍ 4፣ የፊት ቀኝ እሳት፣ የመጨረሻው ሙቀት፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ።
ኅዳር 21፣ ኤፍ 1፣ አንድ ደቂቃ።
ታኅሣሥ 3፣ ኤፍ 1፣ ሁለት ደቂቃ።
ታኅሣሥ 17፣ ኤፍ 1፣ ስድስት ደቂቃ።
ጥር 2፣ ኤፍ 6፣ የመጋገሪያው መዝጊያ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ።

ይሄ የመጨረሻው ነው የከፋው። መዝጊያው አልገጥም ብሏል፤ ማጠፊያው ወደ ውጭ ተቆልምሟል። እሱን እንዴት እንደምቀይረው፣ ከኋላ ያለውን ሽቦ እንዴት እንደምፈታው፣ ከሀ እስከ ፐ ጻፊልኝ። እኔ እንደምታውቂኝ ያላልሽኝን አላደርግም።

ማሙሽ


የካቲት 12

ማሙሽ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንታት አልፈዋል። እስካሁን ዝም ያልኩት ሙሽሪት ከዚያ ቤት እስክትወጣ ነው። ለወንድሟ ለሾፌሩ የደወልኩለት እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ጀሶዋን ልታስወልቅ ሐኪም ቤት ስትሄድ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ጠበቃት። ትፈልጋት ይሆናል። አትድከም፤ እሱ ዘንድ ናት።

አሁን ምድጃው ያለውን ላንብብልህ፣ አንተ በእጅህ ጽፈህ ያልገባህን።

የምድጃው ቁልፎች ከእሳቶቹ ኋላ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ድስት ቢመታቸው ተመልሶ ይወድቃል እንጂ አራት ደቂቃ ተለጥፎ አይቆይም። አራት ደቂቃ የሚቆይ ሰው ነው፣ የሚይዘው ካለ። ጥቅምት 1 ፀጉሯን ይዘህ ፊቷን እዚያ ሰሌዳ ላይ ተጭነሃል። ሁለት ቀን ቆይተህ «ጥርሷ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። ታኅሣሥ 17 ስድስት ደቂቃ ይላል። ስድስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩና አየሁት፤ ሳልጨርሰው ተነሳሁ።

ኤፍ 4 እሳቱ ምንም ሳይጣድበት እስከ መጨረሻው ጋለ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ምሳ የምታበስል ሴት ባዶ እሳት ዐሥራ አንድ ደቂቃ አታግልም። ያጋለው ሌላ ሰው ነው። እስኪቀላ ጠብቀሃል። ለመጠበቅ ጊዜ ነበረህ፣ አንተ! ከዚያ የግራ እጇን መረጥክ፣ በቀኟ ታማስል ዘንድ።

ኤፍ 6 መዝጊያው ሲዘጋ መሀሉ የሆነ ነገር አገኘው ማለት ነው። ማጠፊያ ወደ ውጭ የሚቆለመመው ጠንካራ ነገር ላይ በኃይል ሲዘጋበት ነው። አጥንት ጠንካራ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይላል። አንዴ ቢሆን አምልጦህ ነው እል ነበር፤ እንደ እናት አሳድጌሃለሁና ያንን እንኳ ልልልህ እፈልግ ነበር። ሁለተኛውን ስትዘጋው እየጮኸች ነበር። ሦስተኛውንስ?

አሁን ደግሞ ስለራሴ ልንገርህ። ዝርዝሩ የደረሰኝ ዕለት፣ ለሾፌሩ ደውዬ ስጨርስ፣ የጠየቅከኝን የአሠራር መመሪያ ጻፍኩልህ። አራት ገጽ ነበር። የትኛውን ብሎን መጀመሪያ እንደምትፈታ፣ የትኛውን ሽቦ በየትኛው እጅህ እንደምትይዝ፣ ሁሉም ነበረበት። አንድ መስመር ብቻ አልነበረበትም፣ የመጀመሪያው። ያላልኩህን እንደማታደርግ አውቃለሁ፤ ያልኩህን ብቻ እንደምታደርግም አውቃለሁ። እንደ ጢሞ ይዞህ ሲቀር በመጥረጊያ እንጨት የሚያላቅቅህ አጠገብህ የለም። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሦስት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ቀደድኩት። ለምን እንደቀደድኩት እንዳትጠይቀኝ፤ ላንተ አዝኜ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤት ገዳይ ያፈራ ቤት ወንድም ገዳይም እንዳይጨምር ብዬ ይሆናል።

ይህን የምልህ ስለ እናታችን ነው። አራት ዓመትህ ነበር፤ ወድቃ ሞተች ብዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። አልወደቀችም። አባታችን በበርጩማ ራሷን መታት። ስትወድቅም አላቆመም። እኔ አንተን ጠረጴዛ ሥር ይዤ አፍህን በእጄ አፍኜ ነበር፤ የሷን ደም እንዳታይ ዓይንህን፣ እንዳትጮህ አፍህን፣ ጆሮህን የምሸፍንበት እጅ አጣሁ። ፖሊሱ መጥቶ «ምን ሆና ነው?» ሲለኝ የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። «ወድቃ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አባባን እያከበረ፣ እያስቀደመ ኖሮ፣ ሲሞትም በክብር ቀበረው። ሙሽሪት «ወድቃ ክንዷ ተሰበረ» የሚለውን ቃልህን ሳነብ፣ ያን ውሸት ያስተማርኩህ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ዕዳዬ ይኸው ነው።

የዝርዝርህን ቅጂ ለሾፌሩ ልኬለታለሁ። ወደ ፖሊስ ይወስደዋል። ዋናው፣ የእጅ ጽሑፍህ ያለበት፣ እኔ ዘንድ ነው።

እህትህ


የካቲት 29

አንቺ ሴትዮ፣

እትዬ አልልሽም። ትዳሬን ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ አፈረስሽው። የቤት ገመና ለሾፌር ተነገረ። ምድጃ ተናገረ ብሎ ሰው የሚከስ ከአንቺ በቀር አላየሁም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅሚያለሽ። እናቴ ወድቃ ነው የሞተችው። አባባን አታንሺ። አባባ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» ይል ነበር፤ እኔ እሱን ያህል እንኳ አልሆንኩም። ሰው ፊት የተሰደብኩ፣ በሚስቱ ጭልፋ የሚያድር የተባልኩ ወንድ ነኝ። አንቺ ይሄ አይገባሽም። ሲመጣብኝ ዓይኔ ደም ይለብሳል፣ ምንም አላይም፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ነው የምነቃው።

ደብዳቤሽን አንብቤ የጨረስኩ ዕለትም እንደዚያው ሆንኩ። ራሴን አላውቅም ነበር። ብሬከሩን አወረድኩና ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። መስታወቱን አደቀቅኩት። የቁልፍ ሰሌዳውን ከሥሩ ነቅዬ ወለሉ ላይ ፈጨሁት። የመጋገሪያውን መዝጊያ ገንጥዬ በመስኮት ወረወርኩት፤ ታች የቆመ ሰው ቢኖር ገድዬው ነበር። ክንዴ እስኪዝል መታሁት። እሷም በዚያ ሰዓት ብትኖር አይተርፍላትም ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይኸው ምድጃሽ ሞተ። አሁን ምን ይዞ ይመሰክርብኛል?

ፖሊስ ጠርቶኝ ነበር። ስልክ ቁጥርሽን ወስደዋል፤ ይደውሉልሻል። እትዬ፣ ካንቺ ምድጃም ሰሌዳም አልፈልግም፤ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅሽም። ይህችን ብቻ። ሲደውሉልሽ «ወድቃ ነው፣ ምድጃውም አሮጌ ነው፣ ይሳሳታል» በያቸው። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ያምኑሻል። ለአባባ ያልሽውን ለኔ አትዪም? አንቺው አይደለሽ ያሳደግሽኝ?

ማሙሽ


መጋቢት 20

ማሙሽ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ እህት፣ ቀጥሎ እንደ ጥገና ሠራተኛ። እንደ እህት ሳነበው አለቀስኩ። እንደ ሠራተኛ ሳነበው አንድ መስመር ላይ ቆምኩ።

ራሴን አላውቅም ነበር ትላለህ። ብሬከሩን ግን አውርደሃል። እኔ ያን ቤት አውቀዋለሁ፤ የብሬከሩ ሣጥን ያለው ከወጥ ቤት ወጥተህ፣ ኮሪደሩን ጨርሰህ፣ ከመግቢያው በር ጀርባ ነው። ስድስት ብሬከር አለው። ዓይኑ ደም የለበሰ ሰው ያንን ሁሉ ሄዶ፣ ሣጥን ከፍቶ፣ ከስድስቱ የምድጃውን ለይቶ አያወርድም። አንተ ግን ሄደሃል፣ ለይተሃል፣ አውርደሃል፣ ተመልሰህ መጥተሃል፣ ከዚያ መትተሃል። ኤሌክትሪኩ እንዳይዝህ ፈርተህ ነው። ስትፈራ እጅህ ይቆማል ማለት ነው። ማሙሽ፣ እጅህ ሁልጊዜም መቆም ይችል ነበር። እሷ መልሳ ስለማትይዝህ ነው ያልቆመው።

እስከዚች መስመር ድረስ አንተን የምከላከልበት አንዲት ሰበብ ልቤ ውስጥ ነበረችኝ። ያሳበደው የአባባ ደም ነው እል ነበር። በእጅህ ጽፈህ ወሰድክብኝ። አንድም አትዝለል፣ አንድም አታሳምር ብዬ ስላስተማርኩህ ነው።

የሙሽሪትን ደህንነት ሳትጠይቅ የዘጋኸውን ደብዳቤ እኔ እመልስልሃለሁ። ክንዷ ትንሽ ጎብጦ ገጥሟል። የግራ መዳፏ አይጨበጥም። ትናንት ሾፌሩ ስልኩን ሰጣትና አወራን፤ አንድ ምድጃ ልላክልሽ ብላት «ቁልፎቹ ከፊት የሆኑ ካለ» አለችኝ። ፈልጌ እልክላታለሁ።

ፖሊሱ ባለፈው ማክሰኞ ደወለ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ካቻቪቴውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁ የወጣት ነው። ስሜን ጠየቀኝ፣ ካንተ ጋር ያለኝን ዝምድና ጠየቀኝ፣ የሚያነበው ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማኛል። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ምን ሆና ነው?» አለኝ። ትከሻዬን ዞሬ አየሁት። ማንም አልነበረም።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ደብዳቤዎችህንም እንደምልክለት ነገርኩት፣ የመጨረሻውን ጭምር። ስጨርስ «ሌላ የሚጨምሩት አለ?» ሲለኝ፣ ያልጠየቀኝን የእናታችንን ነገርም ጨመርኩለት። ግራ ገብቶት «ይቅርታ፣ የትኛዋ ናት የወደቀችው?» አለኝ።

«ሁለቱም አልወደቁም» አልኩት።

እህትህ